እንስራ፣ ጀሪካን እና የአሽቢ ካርታ፦ በማቴሪያል መረጣ ትምህርታችን ላይ የቀረበ ሂስ

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ሂስ ነው። የምተቸው ግን ልብ ወለድ ወይም ፊልም አይደለም፤ አንድ ሥዕል ነው። የማቴሪያል ሳይንስ መግቢያ ኮርስ የወሰዱ ብዙ ተማሪዎች ያውቁታል፤ ያልወሰዳችሁም ወደ ምህንድስና ከገባችሁ ታገኙታላችሁ። ትችቱን የምጀምረው ደግሞ ከራሴ ነው።

አንድ ጊዜ ለጀማሪ ተማሪዎች አጭር ፈተና አወጣሁ። ጥያቄው «ከምንጭ ውሃ ቀድቶ በጀርባ ተሸክሞ ወደ ቤት ለማምጣት የሚያገለግል ባለ 20 ሊትር ዕቃ ከምን ማቴሪያል ቢሠራ ይሻላል? ምክንያታችሁን ጻፉ» የሚል ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ካርቦን ፋይበር» ብለው መለሱ። ምክንያታቸውም ተመሳሳይ ነው፦ ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ካርታው ላይ ጥሩ ቦታ ይዟል። አንድ ተማሪ ግን አንዲት ቃል ብቻ ጻፈ፦ «ጀሪካን»። እኔም «ጀሪካን የዕቃ ስም እንጂ የማቴሪያል ስም አይደለም» ብዬ ዜሮ ሰጠሁት።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ዜሮ ያገኘው መልስ በየቀኑ በየመንደሩ ውሃ እያመላለሰ ነው። ነጥብ ያገኘው መልስ ግን የትኛውም ምንጭ ዳር አይታይም። ታዲያ የተሳሳተው ማነው? ተማሪው? እኔ? ወይስ ካርታው?

ካርታው ምንድን ነው?

«የአሽቢ ካርታ» ስሙን ያገኘው ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማይክል አሽቢ ነው። ስለ ማቴሪያል መረጣ የጻፉት መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የምህንድስና ተማሪዎች መማሪያ ሆኗል።

ካርታው የሚነበበው እንዲህ ነው። አግድሙ መስመር እፍግታን ያሳያል፤ ማለትም አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚሆን ማቴሪያል ስንት ግራም ይመዝናል? ቁሙ መስመር ደግሞ ግትርነትን ያሳያል፤ ማለትም ማቴሪያሉን ስትስቡት ወይም ስትጫኑት ምን ያህል እምቢ ይላል? ይህኛው የሚለካው በጊጋፓስካል ነው። ስቲል እፍግታው 7.8፣ ግትርነቱ 200 ገደማ ነው። አሉሚኒየም 2.7 እና 70። ጀሪካን የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊኢትሊን፣ 0.95 እና 1 ገደማ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ማቴሪያሎችን እንዲህ በየቦታቸው ስታስቀምጧቸው ዝምድናቸው ብቅ ይላል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሰፈር ይይዛል። ብረታ ብረቶች ከላይ በቀኝ፣ ሴራሚኮች ከላይ፣ ፖሊመሮች ከታች በግራ ይሰባሰባሉ።

ለምን? ሴራሚክ ውስጥ አተሞች በየአቅጣጫው በጠንካራ ቦንድ ተያይዘዋል። ፖሊመር ውስጥ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የካርቦን አተሞች ተቀጣጥለው ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለው ቦንድ ጠንካራ ነው፤ አንዱን ሰንሰለት ከሌላው ጋር የሚያቆራኘው ኃይል ግን ደካማ ነው። ስትስቡት ቀድሞ የሚሸነፈው ይኸው ደካማው ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ሥዕል ማየት መቻል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ድንቅ ነገር ነው።

ካርታው ከዚህም በላይ ያስገርማል። እስቲ ሁለት ግድግዳ ላይ የተጋደመ ድፍን አግዳሚ አስቡ። ሸክም ሲጫንበት እንዳይጎብጥ፣ ክብደቱም አነስተኛ እንዲሆን እንፈልጋለን። ለዚህ ሥራ ማቴሪያሎችን የምናወዳድረው የግትርነታቸውን ስኩዌር ሩት ለእፍግታቸው በማካፈል ነው። ስኩዌር ሩቱ የመጣው፣ ቀላል ማቴሪያልን ወፈር አድርጎ መሥራት ስለሚቻልና ውፍረት ደግሞ መጉበጥን በእጅጉ ስለሚከላከል ነው። ሒሳቡን ስትሠሩት ስቲል 1.8፣ አሉሚኒየም 3.1 ያገኛሉ። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ ግትርነቱን 10፣ እፍግታውን 0.6 ብንወስድ 5.3 ይሰጣል። የካርቦን ፋይበር ኮምፖዚት በክሮቹ አቅጣጫ 7.4 ገደማ ነው።

አያችሁ? እኩል ሸክም ተጭኖባቸው እኩል የሚጎብጡ አግዳሚዎች ብትሠሩ፣ የእንጨቱ ክብደት የስቲሉን ሲሶ ገደማ ብቻ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ በባሕር ዛፍ አጣና የሚታሰረውን መወጣጫ አይታችሁ «ኋላ ቀርነት» ብላችሁ ከሆነ፣ ካርታው «ቆዩ እንጂ!» ይላችኋል። ለዚህ ለዚህ ካርታውን እወደዋለሁ።

ጥያቄው ከካርታው ይቀድማል

በዚሁ ሒሳብ ፖሊኢትሊን ስንት አገኘ? 1 ገደማ። ከጠራናቸው ሁሉ መጨረሻ ነው። ታዲያ እንዴት እንስራን አሸንፎ የሰውን ጀርባ ያዘ?

መልሱ፣ ጀሪካን አግዳሚ አይደለም። ውሃ ተሸክሞ ለሚሄድ ዕቃ ትንሽ መለመጥ ችግር አይደለም። ችግሩ ሲወድቅ መሰበር ነው፤ የባዶው ዕቃ ክብደት ነው። እስቲ በግርድፉ እናስላው። 20 ሊትር የሚይዝ ክብ የሸክላ ዕቃ የገጹ ስፋት 0.36 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው 8 ሚሊሜትር ቢወፍር፣ የተተኮሰ ሸክላ እፍግታው 2 ገደማ ስለሆነ፣ ባዶው ብቻ ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል። ጀሪካኑ ደግሞ ሳጥን መሰል ቅርጽ ስላለው ገጹ ሰፋ ይላል፤ 0.45 ካሬ ሜትር እንበል። ግድግዳው ግን 2.5 ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃዋል። ክብደቱ 1 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በአንድ ጉዞ 5 ኪሎ ተረፈ ማለት ነው። በሳምንት አሥር ጊዜ ውሃ የምትቀዳ ልጅ ከጀርባዋ ላይ 50 ኪሎ ወረደላት።

ሸክላው ቀጭን መሆን ያልቻለው ተሰባሪ ስለሆነ ነው። ውስጡ ትንሽ ስንጥቅ ካለች፣ ሲመታ ስንጥቋን የሚያስቆም ነገር የለም፤ አተሞቹ ቦታ ቀይረው ኃይሉን መዋጥ አይችሉም። ፖሊኢትሊን ውስጥ ግን ሰንሰለቶቹ ከፊሉ በሥርዓት ተደርድረው፣ ከፊሉ እንደተዘበራረቀ የጥጥ ፈትል ተጠላልፈው ይገኛሉ። የተደረደሩት ክፍሎች ቅርጹን ይይዛሉ። የተጠላለፉት ደግሞ ሲመቱ እየተንሸራተቱና እየተለጠጡ የምቱን ኃይል ይውጣሉ። ያ ካርታው ላይ ድክመት የመሰለን «ሰንሰለትን ከሰንሰለት የሚያቆራኘው ኃይል ደካማ ነው» የሚለው ነገር፣ እዚህ ላይ የጀሪካኑ ዋና ጥቅም ሆኖ አረፈው።

የመጀመሪያው ትችቴ ይኸው ነው። ክፍል ውስጥ ካርታውን ቀድመን እናሳያለን፤ ጥያቄውን በኋላ እናመጣለን። ተማሪውም «ከላይ ያለው ጎበዝ፣ ከታች ያለው ሰነፍ» የሚል የደረጃ ሰንጠረዥ አድርጎ ይይዘዋል። ለአሽቢ ፍትሐዊ ለመሆን፣ መጽሐፋቸው ይህን ስሕተት አይሠራም። መጀመሪያ ዕቃው ምን ይሠራል? ምን መጣስ የለበትም? ምን እንዲያንስ ወይም እንዲበዛ እንፈልጋለን? ብሎ ይጠይቃል፤ ካርታው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሥዕሉን ከመጽሐፉ ቀድደን ለብቻው የሰቀልነው እኛ መምህራን ነን።

ሁለት ዘንግ ያለው ዓለም

ሁለተኛው ትችት ግን ካርታውን ራሱን ይመለከታል። ወረቀት ላይ የተሣለ ካርታ ሁለት ዘንግ ብቻ ነው ያለው። ሌሎች ባሕርያትን የሚያወዳድሩ ካርታዎችም አሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን ሁለት ሁለት ነገር ነው የሚያሳዩት። የዕቃ ሕይወት ደግሞ ከዚያ ይሰፋል።

ሙቀትን እንውሰድ። እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ በነሱ በኩል ትንሽ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣና ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከውሃው መቶኛው እጅ ብቻ ቢተን፣ ከውጭ ሙቀት ካልተመለሰበት፣ የቀረው በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ያለ መብራት የሚሠራ ማቀዝቀዣ በሉት! ጀሪካን ይህን አይችልም፤ ውሃ አያሳልፍምና። ፖሊኢትሊን 130 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ይቀልጣል። እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድ እስከ ዛሬ ሸክላ የሆነው በዋዛ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲመጣ እንኳ የተቀየረው እሳቱ እንጂ ሸክላው አይደለም።

ጊዜንም እንውሰድ። ካርታው ላይ ያለው ፖሊኢትሊን አዲስ ነው፤ ሁልጊዜም አዲስ ነው። የእናንተ ቤት ጀሪካን ግን ፀሐይ ላይ ይውላል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ረጃጅሞቹን ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል፤ ያጠሩ ሰንሰለቶች ደግሞ ተጠላልፈው መያያዝ ይሳናቸዋል። ከዓመታት በኋላ ያ ወድቆ የማይሰበር ዕቃ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ጥቁር የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ጥቁር የሆነው ለውበት አይመስላችሁ፤ ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ የሚሆን የካርቦን ጥላሸት ገብቶበት ነው። ጥላሸቱ ጨረሩን ቀድሞ ይውጠዋል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚከፋውን ልንገራችሁ። ላምባ የነበረበትን ጀሪካን አጥባችሁ ታውቃላችሁ? በሳሙናም ታጠበ በአመድ፣ ሽታው አይለቅም። ምክንያቱም ላምባውም ፕላስቲኩም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ፣ ባሕርያቸው የሚቀራረብ ዘመዳሞች ናቸው። የላምባው ሞለኪውሎች በሰንሰለቶቹ መካከል ሰርገው ይገባሉ፤ ግድግዳው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ አዲሱ ውሃ ይወጣሉ። ብዙ ፀረ ተባይ መድኃኒቶችም እንደዚሁ ፕላስቲክ ውስጥ ሰርገው የሚገቡ ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ እንደ ላምባ በሽታው አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን «በደንብ ታጥቧል» ብላችሁ ለመጠጥ ውሃ እንዳታውሉት፤ ቤት ውስጥ ካለም ለቤተሰብ ንገሩ። ግትርነትና እፍግታን ብቻ የሚያሳይ ካርታ ይህን አይነግራችሁም። ፈተናዬም አልጠየቀም ነበር።

ኮምፖዚት አንድ ነጥብ አይደለም

ተማሪዎቼ ወደመረጡት ካርቦን ፋይበር እንመለስ። ኮምፖዚት ማለት ሁለት የተለያዩ ማቴሪያሎች ባሕርያቸውን ሳያጠፉ አብረው የሚሠሩበት ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጭቃ ቤት ሲመረግ የጤፍ ጭድ ከጭቃው ጋር ተረግጦ ይቦካ የለ? ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሸማቀቅና ይሰነጠቃል። ጭዱ ስንጥቁን ከዳርና ከዳር ይዞ እንዳይሰፋ ያደርገዋል። በካርቦን ፋይበር ኮምፖዚት ውስጥ የጭዱን ሥራ የሚሠራው የካርቦን ክር ነው፤ የጭቃውን ሥራ ደግሞ ሬዚን የሚባል ፖሊመር።

ችግሩ፣ ካርታው ይህን ሁሉ አንድ አረፋ አድርጎ መሣሉ ነው። ቀደም ብዬ 7.4 ያልኳችሁን ታስታውሳላችሁ? «በክሮቹ አቅጣጫ» ብዬ ነበር። ግትርነቱ በዚያ አቅጣጫ 140 ጊጋፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ከክሮቹ አግድም ሲሳብ ግን ወደ 10 ይወርዳል፤ እዚያ ሸክሙ የሬዚኑ ነዋ! መሐንዲሶች ክሮቹን በየአቅጣጫው እያነባበሩ ይህን ያስታርቁታል፤ ግን አማካዩ ከ140 በጣም ያንሳል። ካርታው የተሣለበት ሚዛን ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ አሥር እጥፍ የሚሆንበት ስለሆነ፣ ትልቅ ልዩነት ዓይን ላይ ትንሽ ይመስላል።

የምናውቀውን ምሳሌ እንውሰድ። ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ሲረከብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ኮምፖዚቱ ክብደት ከመቀነሱም በላይ አይዝግም፤ በተደጋጋሚ ጫና መድከምንም በደንብ ይቋቋማል። ስለዚህ በበረራ ላይ የውስጡ አየር ግፊት ከፍ ብሎ፣ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ዓይነት እንዲሆን ተችሏል። አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ በላይ ከፍ ያለች መሆኗን ልብ በሉ!

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 ግን ለንደን ሒትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ በነበረ አንድ የአየር መንገዱ 787 ላይ እሳት ተነሳ። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች መነሻው በኋለኛው የጣሪያ ክፍል ያለ የአደጋ ጊዜ መልእክት አስተላላፊ ባትሪ መሆኑን አረጋገጡ። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ቀጥሎ የሆነው ነው። የባትሪው ጉልበት ካለቀ በኋላም በአውሮፕላኑ ገላ ላይ እሳቱ ቀስ እያለ መንደዱን ቀጠለ፤ ነዳጅ የሆነው ሬዚኑ ነበር። ክሩ ካርቦን ነው፤ የሚያያይዘው ግን ፖሊመር ነው፤ ፖሊመር ደግሞ ይነዳል።

ታዲያ «ኮምፖዚት መጥፎ ነው» ልንል ነው? አይደለም። አሉሚኒየምም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ እሳትን የሚንቅ የአውሮፕላን ገላ የለም። ያ አውሮፕላን ተጠግኖ በዚያው ዓመት ወደ ሥራ ተመልሷል። እኔ የምለው፣ ኮምፖዚትን የመረጠ ሰው ከግትርነቱ ጋር የሬዚኑን መንደድ፣ የጥገናውን ሥራና የተሰወረ ጉዳቱን አብሮ ነው የመረጠው። የአሉሚኒየም ገላ ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ጉዳቱ በዓይን ይታያል። ኮምፖዚት ሲመታ ላዩ ደህና መስሎ ውስጥ ውስጡን ንብርብሮቹ ሊላቀቁ ይችላሉ፤ ይህን ለማግኘት የድምፅ ሞገድ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። አየር መንገድ ይህ አለው። ምንጭ ዳር ያለች የካርቦን ፋይበር እንስራን ግን ማን ይመረምራታል?

የሚመርጠው ማነው?

የመጨረሻው ትችቴ በካርታውም በመጽሐፉም ላይ ነው። የአሽቢ መጽሐፍ ምሳሌዎች የጀልባ መቅዘፊያ፣ የትልልቅ ቴሌስኮፕ መስተዋት፣ የጠረጴዛ እግር የመሳሰሉ ናቸው። አብዛኞቹ አንድ ንድፍ አውጪ ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ ከዓለም ማቴሪያል ሁሉ የፈለገውን እንደሚመርጥ አድርገው ይነሳሉ። ቢጫው ጀሪካን ግን እንዲህ አልተመረጠም። ፋብሪካ የመረጠው ዘይት ሞልቶ ለመሸጥ ነው። ዘይቱ ሲያልቅ እናቶቻችን በድጋሚ መረጡት። ክዳኑን አዩ፤ መያዣውን አዩ፤ ለልጅ 5 ሊትር፣ ለአዋቂ 20 ሊትር መኖሩን አዩ፤ ዋጋውን አዩ። ስሙ ራሱ እንኳ በሁለተኛ እጅ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ጀሪካን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጀርመኖች ለነዳጅ የሠሩት የብረት ዕቃ ነበር፤ «ጄሪ» እንግሊዞች ለጀርመን ወታደር ያወጡት ቅጽል ስም ነው።

ይህ ሁለተኛው መረጣ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ የለውም። ግን እኛ አገር ትልቁ የማቴሪያል መረጣ የሚካሄደው እዚያ ነው፦ የመኪና ጎማ ጫማ ሲሆን፣ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ሲሆን፣ የስሚንቶ ከረጢት መጋረጃ ሲሆን። ላምባ የጠጣ ጀሪካን ወደ ኩሽና የሚገባውም በዚሁ በር ነው። ዕቃው ሁለተኛ ሕይወት እንደሚኖረው የሚያውቅ ንድፍ አውጪ ሌላ ማቴሪያል፣ ቢያንስ ሌላ ቀለም ወይም ሌላ ቅርጽ ይመርጥ ነበር። የማቴሪያል መረጣን ለኢትዮጵያ ተማሪ የሚያስተምር ሰው «ከሥራው በኋላስ ማን እጅ ይገባል?» የሚለውን ጥያቄ ቢጨምር መልካም ነው።

እናንተም ሞክሩት

ዛሬ ከቤታችሁ አንድ ዕቃ አንሡ፤ ማማሰያ፣ ሰፌድ፣ የስልክ ሽፋን፣ የፈለጋችሁትን። ካርታ ሳትከፍቱ አራት ጥያቄ ጻፉ። ሥራው ምንድን ነው? ምን ቢሆን ዕቃው «ተበላሸ» ይባላል? ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ይመስላል? ሲጣል ወይም ሲሸጥ ማን ያነሣዋል? ከዚያ ካርታውን ክፈቱ። ያኔ ካርታው በጣም ጥሩ መሪ ነው። መንገዱን ያሳጥርላችኋል፤ የት መሄድ እንደምትፈልጉ ግን ራሳችሁ መናገር አለባችሁ።

ያን ተማሪ በተመለከተ፣ በማግስቱ ዜሮውን ሰርዤ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። «ጀሪካን» ሲል ማቴሪያሉን፣ ቅርጹን፣ አሠራሩንና ዋጋውን በአንድ ቃል ነበር የመለሰው። ሙሉ ነጥብ ግን አልሰጠሁትም። ምክንያታችሁን ጻፉ ብዬ ነበራ!